የመልእክት አደራ ቤት፦ ሰርቨሩን ስለ መትከል፣ ስለ ማስነሳትና መብራት ሲጠፋ ስለሚሆነው

በጅማ ዙሪያ ቀይ እሸት ቡና ሲደርስ የመረከቢያ ጣቢያዎች ሥራ የሚበዛው ወደ ማታ ነው። አርሶ አደሩ ቀኑን ሙሉ ለቅሞ አመሻሽ ላይ ያመጣል፤ እሸት ቡና ደግሞ በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ ሚዛኑ ፊት ሰልፍ አለ። ጆንያው ይነሳል፣ ይመዘናል፣ ኪሎው ይጻፋል፣ ቀጣዩ ይጠራል። እኔ የኮምፒውተር ሥራ የምሠራው እዚሁ ጅማ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ቡና ሰብሳቢ ድርጅት፣ ሚዛኑ አጠገብ የተቀመጠው ኮምፒውተር የመዘገበውን ኪሎ በቀጥታ ጅማ ቢሮ ወዳለው የሒሳብ መዝገብ የሚልክ ፕሮግራም ሠራሁ። ቢሮው ውስጥ ስንሞክረው ምንም እንከን አልነበረውም። ጎማ ወረዳ ላይ ሥራ በጀመረበት ዕለት ግን ኔትወርኩ በተቋረጠ ቁጥር የመዛኙ ስክሪን እየደረቀ፣ ሰው ጆንያውን እንደያዘ ቆሞ መጠበቅ ጀመረ። የሚዛኑ ሥራ የመዝገቡን መልስ እንዲጠብቅ ያደረግሁት እኔ ነበርኩ።

ሁለት ፕሮግራሞች በቀጥታ ሲነጋገሩ አንዱ የሌላውን ሕመም ሁሉ ይታመማል። መዝገቡ ቢዘገይ ሚዛኑ ይዘገያል። መዝገቡ ለጥገና ቢዘጋ ሚዛኑም ይቆማል። አንድ ጣቢያ ቢጨመር መዝገቡ ያላሰበው ሥራ ይወርድበታል። መፍትሔው በመካከላቸው ሦስተኛ ወገን ማስቀመጥ ነው፤ ከላኪው መልእክቱን ተቀብሎ የሚያኖር፣ ተቀባዩ ሲመቸው በተራው የሚያስረክብ። በሙያው ሜሴጅ ብሮከር ይባላል።

ብሮከር የሚለውን ብዙዎች "ደላላ" ብለው ይተረጉሙታል። ነገሩን ለመረዳት እንቅፋት ስለሚሆን ይህን ትርጉም አልቀበለውም። ደላላ ዋጋ ያስማማል፣ ሻጭና ገዢን ፊት ለፊት ያገናኛል፣ ድርሻውን ተቀብሎ ይሄዳል። ይህ ፕሮግራም ግን የመልእክቱን ይዘት አይመረምርም፣ ላኪና ተቀባይ እንዲገናኙም አይጠይቅም። ሥራው በመናኸሪያ አጠገብ ሱቅ ያላት የምትታመን ሴት የምትሠራውን ይመስላል። ከአጋሮ የመጣ ሾፌር አንድ ጀሪካን ማር ያስቀምጥባትና ወዲያው መንገዱን ይቀጥላል። የማሩ ባለቤት ዛሬ ማታ ይምጣ ነገ፣ የሾፌሩ ጉዳይ አይደለም። እሷም ማሩን አትቀምስም፤ ባለቤቱ መጥቶ እስኪወስደው ትጠብቃለች። አማርኛ ለዚህ የቆየ ቃል አለው፤ አደራ። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ፕሮግራሙን አደራ ቤት እለዋለሁ።

አደራ ቤቱ ውስጥ መልእክቶች ተራቸውን የሚጠብቁበት ቦታ ወረፋ ይባላል። ከወረፋው የማይነጠለው ሌላው ነገር ደረሰኝ ነው። ቃሉን እወደዋለሁ፤ "እጄ ገባ" ለማለት ደረሰኝ እንላለን፣ ወረቀቱንም ደረሰኝ እንለዋለን። በአንድ መልእክት ጉዞ ሁለት ደረሰኞች ይቆረጣሉ። የመጀመሪያውን አደራ ቤቱ ለላኪው ይሰጣል፤ ላኪው ያን ሳያገኝ የራሱን ቅጂ መደምሰስ የለበትም። ሁለተኛውን ተቀባዩ ለአደራ ቤቱ ይሰጣል፤ አደራ ቤቱም ያን ሳያገኝ መልእክቱን ከወረፋው አይሰርዝም። ሁለቱም ትርጉም የሚኖራቸው ግን ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው በትክክል ሲጠቀምባቸው ነው። አብዛኛው ጥፋት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ስለሆነ ኋላ እመለስበታለሁ።

ለዚህ ሥራ የሚሆኑ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው። እጅግ ብዙ መረጃ ሳያቋርጥ የሚፈስበት ትልቅ ድርጅት ካፍካን ይመርጣል። የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ የመሳሰሉ ትንንሽ መሣሪያዎችን ለማገናኘት ሞስኪቶ ቀላልና በቂ ነው። ለሒሳብ መልእክቶች እኔ የምመርጠው ራቢት ኤምኪውን ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 የወጣ፣ ብዙ የተፈተነ፣ ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው። የተጻፈበት ቋንቋ ኤርላንግ ይባላል። ቋንቋውን በ1980ዎቹ የፈጠሩት የስዊድኑ ኤሪክሰን ኩባንያ ባለሙያዎች ናቸው፤ የፈጠሩትም ለስልክ ማዞሪያዎች ነበር። ስልክ ማዞሪያ አንድ ጥሪ ስለተበላሸበት ሌሎቹን ማቋረጥ አይችልም፤ ቋንቋውም ይህን ጠባይ ይዞ አደገ። ስሙ ዴንማርካዊውን የሒሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግን ያስታውሳል፤ በ1909 በስልክ ጥሪዎች ላይ ባወጣው ጥናት የወረፋን ሒሳብ የጀመረ ሰው ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ስሙ ቡና መመዘኛ ጣቢያ ድረስ መድረሱ ያስደንቀኛል።

ከመትከል በፊት የሚነሳው ጥያቄ "የት?" የሚለው ነው። እኔ መጀመሪያ አደራ ቤቱን ጅማ ቢሮ ላይ ተከልኩት። የሚቋረጠው ግን ከጣቢያው እስከ ጅማ ያለው መስመር ስለሆነ፣ አደራ ቤቱ ከደካማው መስመር ማዶ ቀረ። ማር የምትቀበለው ሴት ከተሰበረው ድልድይ ወዲያ ማዶ ብትሆን ለሾፌሩ ምን ትጠቅመዋለች? አሁን በየጣቢያው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ አንድ አደራ ቤት አለ፤ ዋናው ደግሞ ጅማ ነው። መዛኙ የሚልከው እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በኬብል ወደተያያዘው ነው፤ የውጭው ኔትወርክ ቢኖር ባይኖር ሥራው አይቆምም። ከጣቢያው ወደ ጅማ የሚያሻግረው ሾቨል የሚባል፣ ከራቢት ኤምኪው ጋር አብሮ የሚመጣ ተጨማሪ ክፍል ነው። ስሙ አካፋ ማለት ነው፤ ከአንዱ ወረፋ እየዛቀ ወደ ሌላው ያስተላልፋል። መስመሩ ሲቋረጥ ይጠብቃል፣ ሲመለስ ይቀጥላል፤ ቅንብሩ ካልተለወጠ በስተቀርም የጅማው አደራ ቤት ደረሰኝ እስኪሰጠው ድረስ መልእክቱን ከጣቢያው ወረፋ አያነሳም።

ተከላው ራሱ ረጅም አይደለም። የምጠቀመው ኡቡንቱ የተባለውን፣ የሊኑክስ ወገን የሆነውን የኮምፒውተር ሲስተም ነው። መጀመሪያ ኤርላንግ ይጫናል፣ ቀጥሎ ራቢትኤምኪው ሰርቨር የተባለው ጥቅል። የተለመደው መሰናክል የስሪት አለመጣጣም ነው፤ ለምሳሌ ራቢት ኤምኪው 4.0 ቢያንስ ኤርላንግ 26.2 ይፈልጋል። ከኡቡንቱ የራሱ ማከማቻ የሚገኘው ስሪት ብዙ ጊዜ የቆየ ስለሆነ፣ የራቢት ኤምኪው አዘጋጆች ካሰናዱት ማከማቻ ሁለቱንም አብሮ ማውረድ ይሻላል። እኔ ፋይሎቹን ጅማ ላይ አውርጄ በፍላሽ ወደ ጣቢያዎቹ እወስዳቸዋለሁ፤ በየጣቢያው ከማውረድ ይፈጥናል፣ ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ስሪት መኖሩንም ያረጋግጥልኛል።

ማስነሳት በሚለው ቃል ውስጥ ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉ፤ ብዙ ሰው አንዱን ይረሳል። ሲስተምሲቲኤል ስታርት የሚለው ትእዛዝ ሰርቨሩን አሁን ያስነሳዋል። ሲስተምሲቲኤል ኤኔብል የሚለው ደግሞ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር ሰርቨሩም አብሮ እንዲነሳ ያደርጋል። ኡቡንቱ ላይ ጥቅሉ ሲጫን ሁለቱም በራሳቸው ይፈጸማሉ፤ የሬድ ሃት ወገን በሆኑ ሲስተሞች ላይ ግን እርስዎ ማዘዝ አለብዎት። በሁለቱም ቢሆን ሰርቨሩ ተነስቷል ብለው ከመሄድዎ በፊት ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩትና ይመልከቱ።

ከዚህም በታች አንድ ነገር አለ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ራሱ ካልተነሳ ኤኔብል ምንም አይጠቅምም። ባዮስ ወደሚባለው፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሁሉ በፊት ወደሚነሳው የቅንብር ክፍል ገብተው፣ ኤሌክትሪክ ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲበራ የሚያደርገውን ምርጫ ያስተካክሉ። ይህን ሳላደርግ በቀረሁበት ጣቢያ፣ የሌሊት ጥበቃው አዛውንት "ልጄ፣ የትኛውን ቁልፍ ነው የምጫነው?" እያሉ በስልክ ሲጠይቁኝ ያመሸንበት ቀን አለ። እሳቸው እንዲያ ሊደክሙ አይገባም ነበር፤ የእኔ ሥራ ነበር።

ሰርቨሩ መነሳቱን ለማወቅ ራቢትኤምኪው ዳያግኖስቲክስ በሚባለው መሣሪያ ፒንግ ብሎ ማዘዝ ይበቃል፤ ካለ ይመልሳል። ካልመለሰ መልሱ ያለው የሥራ መዝገቡ ውስጥ ነው፤ ሎግ የሚባሉት ፋይሎች ቫር ከሚለው ማኅደር ሥር፣ ሎግ ውስጥ፣ በራቢትኤምኪው ስም ተቀምጠዋል። እባክዎ መጀመሪያ እነሱን ያንብቡ። ደጋግሞ ነቅሎ መትከል ጊዜ ከመብላት በቀር መንስኤውን አያሳይም።

አደራ ቤቱ እንግዳ የሚቀበልባቸው በሮች ቁጥር አላቸው። ፕሮግራሞች የሚገቡት በ5672 ነው፤ የተመሰጠረ ግንኙነት በ5671። በድረ ገጽ መልክ ወረፋዎቹን ቁጭ ብለው የሚመለከቱበት የአስተዳደር ክፍል፣ ማኔጅመንት የተባለው ተጨማሪ ክፍል ሲከፈት፣ በ15672 ይገኛል። አብሮ የሚመጣው ተጠቃሚ ስሙም የይለፍ ቃሉም ጌስት ነው፤ እንግዳ ማለት ነው። ይህ እንግዳ ግን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ካልሆነ በስተቀር እንዲገባ አይፈቀድለትም። ከሌላ ኮምፒውተር ሞክረው ሲከለከሉ ሰርቨሩ የተበላሸ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ክልከላው ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ክልከላውን ማንሳት ይቻላል፤ አያንሱት። የራስዎን ተጠቃሚ ይፍጠሩ፣ ጌስትን ይሰርዙ። ተጠቃሚ መፍጠር ብቻውን እንደማይበቃም ልብ ይበሉ፤ የማዋቀር፣ የመጻፍና የማንበብ ፈቃዶች ለየብቻ ይሰጣሉ። ለመዛኙ የመጻፍ ፈቃድ ብቻ እሰጣለሁ፤ የሌላውን ጣቢያ ኪሎ የሚያነብበት ምክንያት የለውም። 15672ን ደግሞ ለኢንተርኔት ክፍት አድርጎ መተው ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ እንደ መሄድ ነው።

አሁን አንድ ቀን ሙሉ ስላስጨነቀኝ ነገር ልናገር። ራቢት ኤምኪው ለራሱ የሚሰጠው ስም ራቢት ከሚለው ቃልና ከኮምፒውተሩ ስም የተሠራ ነው፤ መልእክቶቹንና ተጠቃሚዎቹን የሚያኖርበት ማኅደርም በዚሁ ስም ይጠራል። እኔ ጣቢያዎቹ ሲበዙ ለቁጥጥር እንዲመቸኝ ብዬ የአንዱን ኮምፒውተር ስም ለወጥኩ። ሰርቨሩ በሰላም ተነሳ፤ ምንም ስህተት አላሳየም፤ ወረፋዎቹ ግን የሉም፣ ተጠቃሚዎቹ የሉም፣ ያልተላለፈው የዋዜማው ኪሎ የለም። ልቤ ወረደ። በእውነቱ የጠፋ ነገር አልነበረም፤ በአዲሱ ስም አዲስ ባዶ ማኅደር ከፍቶ ነው፣ የድሮው በቦታው አለ። የኮምፒውተሩን የቀድሞ ስም ስመልስና ሰርቨሩን ስቀሰቅሰው ሁሉም ተገኘ። ስለዚህ ለኮምፒውተሩ የሚቆይ ስም ከተከላው በፊት ይስጡት። ባዶ አደራ ቤት ካጋጠመዎት ደግሞ ምንም ሳይነኩ፣ በተለይ ምንም ሳይደመስሱ፣ ስሙን ይመርምሩ።

መብራት ሲጠፋ መልእክቱ እንዲተርፍ የሚያደርጉት ሦስት ነገሮች ናቸው። የጅማ በርጩማ ሦስት እግር እንዳለው ሁሉ፣ ከእነዚህም አንዱ ሲጎድል የቀሩት ሁለቱ መቀመጫውን አይሸከሙም። ወረፋው ዘላቂ ተብሎ መከፈት አለበት፤ ካልሆነ ሰርቨሩ ሲወድቅ ወረፋው ራሱ ይጠፋል። መልእክቱም ለብቻው ዘላቂ ተብሎ መላክ አለበት። ዘላቂ በሆነ ወረፋ ውስጥ የተቀመጠ፣ ራሱ ግን ዘላቂ ያልተባለ መልእክት ይጠፋል፤ ወረፋው በቦታው ይገኛል፣ ውስጡ ባዶ ይሆናል። ይህን ከሰው የሰማሁት አይደለም፤ አንድ የኅዳር ምሽት የተመዘነ ቡና በወረቀት ከተያዘው መዝገብ ላይ እንደገና ስናስገባ ነው ያወቅሁት። ሦስተኛው የላኪው ደረሰኝ ነው። ላኪው ልኬያለሁ ማለቱና አደራ ቤቱ ሃርድ ዲስክ ላይ ጽፌያለሁ ማለቱ የተለያዩ ናቸው፤ በመካከላቸው ባለችው ቅጽበት መብራት ሊጠፋ ይችላል። ዘላቂ ለሆነ መልእክት ደረሰኙ የሚቆረጠው ዲስክ ላይ ከሰፈረ በኋላ ነው። ኮረም ኪው የሚባሉት አዳዲሶቹ ወረፋዎች ሁልጊዜ ዘላቂ ስለሆኑ የመጀመሪያዎቹን ሁለት እግሮች በራሳቸው ያሟላሉ፤ ሦስተኛው ግን አሁንም የላኪው ኃላፊነት ነው።

ደረሰኝ በእጅ ይዞም መልእክት የሚጠፋበት አንድ መንገድ አለ። ላኪው መልእክቱን የሚሰጠው ለወረፋው አይደለም፤ ኤክስቼንጅ ለሚባለው፣ የመልእክቱን አድራሻ አይቶ ወደ ተገቢው ወረፋ ለሚመራው ክፍል ነው። በዚያ አድራሻ የተያያዘ ወረፋ ከሌለ ኤክስቼንጁ መልእክቱን ይጥለዋል፤ ለላኪው ግን ደረሰኝ ይሰጠዋል። የሚያስቆጣ ነው፤ አሠራሩ ግን ይኸው ነው። ማንዳቶሪ የሚባለውን ምልክት አድርገው ከላኩ መድረሻ ያጣው መልእክት ወደ ላኪው ይመለሳል። ገንዘብ ለሚነካ መልእክት ሁሉ ምልክቱን ያድርጉ።

ወደ ሁለተኛው ደረሰኝ ልምጣ፤ ተቀባዩ ወደሚሰጠው። ተቀባዩ ፕሮግራም ደረሰኙን መቼ ነው የሚፈርመው? መልእክቱን እንደተቀበለ ከፈረመና መዝገቡ ላይ ሳይጽፍ ከወደቀ፣ አደራ ቤቱ ኃላፊነቴን ተወጣሁ ብሎ ሰርዞታል፤ የሰው ቡና ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ የሚፈርመው መዝገቡ ላይ ከጻፈ በኋላ መሆን አለበት። ነገር ግን ጽፎ ሲያበቃ፣ ሳይፈርም ቢወድቅስ? አደራ ቤቱ ደረሰኝ ስላላየ ያንኑ መልእክት ደግሞ ያስረክባል። 62 ኪሎ ያስረከበ አርሶ አደር 124 ኪሎ ይመዘገብለታል፤ ወሩ ሲዘጋ ጉድለቱ መዛኙ ላይ ይወድቃል። አንድ ታማኝ ሠራተኛ ባላጠፋው ሲጠየቅ ማየት ከባድ ነው። መድኃኒቱ ከአደራ ቤቱ ውጭ ነው፤ እያንዳንዱ ምዝን ከሚዛኑ ሲወጣ የማይደገም መለያ ቁጥር ይኑረው፣ መዝገቡም ያንን ቁጥር ከዚህ በፊት ጽፎት ከሆነ ሁለተኛውን አይቀበል። እኔ ለአርሶ አደሩ የሚሰጠውን የወረቀት ደረሰኝ ቁጥር ከጣቢያው መለያ ጋር አጣምሬ እጠቀማለሁ። አርሶ አደሩ ያንን ወረቀት ይዞ ቢመጣ መዝገቡ ላይ ያለው የእሱ መስመር ወዲያው ይገኛል።

አደራ ቤት ሲሞላ ምን እንደሚያደርግም መታወቅ አለበት። የሚጠቀመው የኮምፒውተሩ ማስታወሻ (ራም) ከተወሰነለት መጠን ሲያልፍ ወይም ዲስኩ ላይ የቀረው ቦታ ሲያንስ አይወድቅም፤ አዲስ መልእክት መቀበል ያቆማል፣ ያለውን ግን ማስረከቡን ይቀጥላል። ለላኪው የሚታየው ዝም ያለ ሰርቨር ነው። የማስታወሻው ገደብ በ4.0 ስሪት ከኮምፒውተሩ ራም 60 ከመቶ ነው፤ ከዚያ በፊት 40 ከመቶ ነበር። የዲስኩ ገደብ ግን ሲመጣ 50 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ይህ እጅግ ጠባብ ስለሆነ በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ ቢያንስ ወደ 2 ጊጋባይት ያሳድጉት። በማስጠንቀቂያውና በመጨናነቁ መካከል የሚቀርልዎት ጊዜ ያ ነው።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሚዛኑን ከማገናኘትዎ በፊት አንድ ሙከራ ያድርጉ። ተቀባዩን ዝጉት። በቁጥር የታወቁ 100 መልእክቶች ይላኩና ላኪው 100 ደረሰኝ ማግኘቱን ይመልከቱ። ከዚያ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ሳያጠፉ፣ ሠርቶ በማያውቅ ዩፒኤስም (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ በሚያቆየው መሣሪያ) ሳይመኩ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉት። መልሰው ይሰኩትና እጅዎን ሰብስበው ይጠብቁ፤ ኮምፒውተሩ በራሱ መነሳት አለበት፣ ሰርቨሩም በራሱ መነሳት አለበት፣ ወረፋው ውስጥ 100 መልእክቶች መኖር አለባቸው። ካነሱ ከሦስቱ እግሮች አንዱ ጎድሏል። ልክ ከሆኑ ተቀባዩን ያስነሱና በሥራው መካከል፣ 40ኛው ወይም 50ኛው መልእክት ላይ፣ የእሱንም ገመድ ይንቀሉ። ሲመለስና ወረፋው ባዶ ሲሆን መዝገቡን ከፍተው ይቁጠሩ። ከ100 ካነሰ ተቀባዩ ሳይጽፍ እየፈረመ ነው፤ ከ100 ከበለጠ የመለያ ቁጥሩ ፍተሻ አልሠራም።